በጉዞ ላይ ፉርጎ እንዳይፈታ፦ ከማገናኘት እስከ መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ሲከፈል ሁሉም ጣቱን ሾፌሩ ላይ ወይም ሃዲዱ ላይ ይቀስራል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ከሰዓታት በፊት፣ ፉርጎዎቹ ሲገናኙ ነው። ገጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሠራተኛው «ገብቷል» ብሎ በሬዲዮ ተናገረ። ባቡሩ ወጣ። ውስጥ ያለው ቁልፍ ግን እስከ ታች አልወረደም ነበር።

ይህ መመሪያ ፉርጎ ለሚያገናኙ፣ ለሚፈትሹና ለአዲስ ሾፌሮች ነው። ምሳሌዬ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ነው። ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሥራውን የተረከቡት የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ናቸው። መስመሩ በቻይና ደረጃ የተሠራ ስለሆነ የምጠቅሳቸው አብዛኞቹ ልኮች ከቻይና የባቡር ደንብ የመጡ ናቸው። የመሥሪያ ቤታችሁ ደንብ ከዚህ የጠበቀ ከሆነ እሱ ይቀድማል።

መጀመሪያ፦ ክፍሎቹን ለዩ

ሁለት ሰዎች ጣታቸውን አጥፈው ሲጎታተቱ አስቡ። የፉርጎ ማያያዣም እንዲሁ ነው። የሚታጠፈውን ብረት እዚህ መንጋጋ እለዋለሁ። መንጋጋው በፒን ላይ ይዞራል። ሲዘጋ ከኋላው አንድ ወፍራም ብረት በራሱ ክብደት ይወርድና እንዳይከፈት ይይዘዋል። እሱ ቁልፉ ነው። ከፉርጎው ጎን ያለው ዘንግ ደግሞ ቁልፉን ያነሣል። እሱን መፍቻ ዘንግ እንበለው። በአንዳንድ ፉርጎ ዘንጉ ቁልፉን ከላይ በሰንሰለት ይስባል። በሌላው ከታች ይገፋል። የራሳችሁ ፉርጎ የትኛው እንደሆነ እወቁ። ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

ማያያዣው ሦስት ሁኔታ አለው፦

* ሙሉ በሙሉ የተከፈተ፦ መንጋጋው ወደ ውጭ ወጥቶ ሌላውን ለመቀበል ዝግጁ ነው።
* የተቆለፈ፦ መንጋጋው ተዘግቷል፣ ቁልፉም ወርዷል።
* ያልተያዘ፦ መንጋጋው የተዘጋ ይመስላል፣ ቁልፉ ግን ተነሥቷል። ሲጎተት ይከፈታል።

ሰው የሚሸወደው በሦስተኛው ነው። ከሩቅ ስታዩት ከተቆለፈው አይለይም።

ሳትነኩት በፊት የሚያስፈልጋችሁ

ጓንት፣ ጣቱ ላይ ብረት ያለው ጫማ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ጥሩ ባትሪ፣ የተሞከረ ሬዲዮ፣ ታኮ፣ የማያያዣ ከፍታ መለኪያ። ባትሪውን በቀንም ያዙ። የቁልፉ ቦታ ጥላ ውስጥ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ነው። ኃይሉ መጥፋቱ ተረጋግጦ ሽቦው መሬት እስካልተገናኘ ድረስ ፉርጎ አናት ላይ አትውጡ። ሰውነታችሁም ሆነ የያዛችሁት ዘንግ ከሽቦው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦ በሁለት ፉርጎዎች መካከል የምትገቡት ሦስት ነገሮች ከተሟሉ በኋላ ብቻ ነው። ባቡሩ ቆሟል። ሾፌሩ ብሬክ ይዞ ሎኮሞቲቩ እንዳይጎትት አድርጎታል። ይህንንም በሬዲዮ በራሱ አፍ ነግሯችኋል። ይህን ከዚህ በኋላ «ጥበቃ መውሰድ» እለዋለሁ። «ያየኝ ይመስለኛል» ብላችሁ አትግቡ።

ደረጃ 1፦ ከፍታውን ለኩ

ከሁለት ማያያዣዎች አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ቁልፋቸው ምንም ሳይሆን አንዱ ከሌላው ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ባቡሩ ረባዳ ሃዲድ ሲረግጥ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይነሣል፣ በቃ ተለያዩ።

1. ከሃዲዱ አናት እስከ ማያያዣው መካከለኛ መስመር ለኩ።
2. ከ890 ሚ.ሜ መብለጥ የለበትም።
3. ባዶ ፉርጎ ከ835 ሚ.ሜ፣ የተጫነ ፉርጎ ከ815 ሚ.ሜ በታች መሆን የለበትም።
4. የሚገናኙት የሁለቱ ልዩነት ከ75 ሚ.ሜ አይለፍ።

ሁሉንም ፉርጎ መለካት ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ችግሩ የሚደበቅባቸውን ቦታዎች ምረጡ። ባዶ ፉርጎ ከተጫነ ፉርጎ ጎን ሲውል አንዱ ነው። ኮንቴይነር ወደ አንድ ጫፍ አድልቶ ሲጫን ሌላው ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ተጭኖ ወይም ተራግፎ የተመለሰ ቅይጥ ባቡር ሲደረደር እነዚህን መገናኛዎች ለይታችሁ እዩ። ጎማው የተበላ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ፉርጎም ዝቅ ይላል።

ልዩነቱ ከልክ ካለፈ? አትከራከሩ። ፉርጎዎቹን አቀያይሩ። አንዱ ብቻውን ከልክ ውጪ ከሆነ ግን ማቀያየር አያድነውም። ወደ ጥገና ይሂድ።

ደረጃ 2፦ መንጋጋውን አዘጋጁ

1. ባቡሩ መቆሙን አረጋግጡ። በሚገናኙት መካከል ቢያንስ 15 ሜትር ክፍተት ይኑር።
2. መፍቻ ዘንጉን ተጠቅማችሁ ቢያንስ አንዱን መንጋጋ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ።
3. ዘንጉን ልቀቁትና ወደ ቦታው መመለሱን እዩ።
4. መንጋጋውን በእጅ አወዛውዙ። ፒኑ በቦታው ነው? ስንጥቅ አለ? በተለይ የመንጋጋውን ውስጠኛ ክርን በባትሪ እዩ። ብረት የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።
5. ውስጡን አጽዱ። አሸዋ፣ የደረቀ ጭቃና ጠጠር ቁልፉ እስከ ታች እንዳይወርድ ያደርጋሉ። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ ባለው በረሃ ቆሞ የከረመ ፉርጎ ሲመጣ ይህን አትዝለሉ።

መንጋጋው ካልተከፈተ በእግር አትምቱት። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ነው። ድንገት ከተለቀቀ ወይም ከወደቀ እግራችሁን ይዞ ይሄዳል። ዘንጉን ሌላ ሰው እንዲይዝ አድርጋችሁ በእጅ ሳቡት።

የጠጠረውን ቁልፍ ለማላላት ግሪስ የሚቀባ ሰው አለ። ተዉት። ግሪስና አሸዋ ሲቀላቀሉ እንደ ሙጫ ይጋገራሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከበፊቱ የባሰ ይጠጥራል። ጥገና ክፍሉ የሚፈቅደው ደረቅ ማለስለሻ ካለ እሱን ተጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን አቅኑ

ቀጥ ባለ ሃዲድ ላይ ይህ ደረጃ አንድ እይታ ነው። ኩርባ ላይ ግን የሁለቱ ማያያዣ ራሶች ወደ ጎን ይሸሻሉ። እንዲሁ ከተገፉ አንዱ ከሌላው ጎን ያልፍና ይጋጫሉ። የብሬክ አየር ቱቦ ይቀደዳል፣ ዘንግ ይታጠፋል።

ከቻላችሁ ኩርባ ላይ አታገናኙ። ግድ ከሆነ ባቡሩን አስቁማችሁ፣ 15 ሜትሩን ጠብቃችሁ፣ የሎኮሞቲቩን ጥበቃ በሬዲዮ ወስዳችሁ ራሶቹን ወደ መሃል ግፉ። ባቡሩ እየቀረበ ማያያዣ የሚያቀና ሰው ካያችሁ አስቁሙ፤ ኃላፊ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ደረጃ 4፦ አስጠጉ

1. የቆመው ፉርጎ በእጅ ብሬክ ወይም በታኮ መያዙን አረጋግጡ። ካልተያዘ ገጭ ሲል ይንሸራተታል፤ ቁልፉም በግማሽ ይቀራል።
2. ርቀቱን እየቀነሳችሁ በሬዲዮ ንገሩ። ሾፌሩ የእናንተን ድምፅ ካጣ ወዲያው ይቁም። ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩበት።
3. የመጨረሻው ፍጥነት ከ5 ኪ.ሜ በሰዓት አይበልጥ። ይህ የሰው እርምጃ ያህል ነው።

ከዚህ ፈጥኖ መግጨት «በደንብ እንዲገባ» ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ኃይለኛ ምት ቁልፉን ሊያዘልለው፣ መንጋጋውን ሊሰነጥቀው፣ የጫናችሁትንም ሊሰብረው ይችላል። ስንጥቁ ደግሞ ዛሬ አይታይም። ከሳምንታት በኋላ ዳገት ላይ ይበጠሳል።

ደረጃ 5፦ ቁልፉን በዓይን እዩ

ሌላውን ሁሉ አጣድፋችሁ ብትሠሩ እንኳ እዚህ ላይ ቁሙ። የሰማችሁት ድምፅ የሁለት ብረት ግጭት ነው። ስለ ቁልፉ ምንም አይነግራችሁም።

1. ባቡሩ ቆሞ፣ ጥበቃ ተወስዶ፣ በባትሪ የሁለቱንም ማያያዣ እዩ።
2. ቁልፉ ከላይ በሰንሰለት የሚነሣ ከሆነ ሰንሰለቱ የሚስበው ማንሻ ሙሉ በሙሉ ወርዶ የማያያዣው ራስ ላይ መቀመጥ አለበት። ከፍ ብሎ ከቀረ አልቆለፈም።
3. ከታች የሚገፋ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ ከማያያዣው ራስ ሥር እዩ። የቁልፉ እግር በቦታው መታየት አለበት። እጃችሁን አታስገቡ።
4. መፍቻ ዘንጉ በመያዣው ውስጥ ወደ ታች መውደቁን እዩ። ዘንጉ ተንጠልጥሎ ከቀረ አንድ ነገር ይዞታል።
5. ሰንሰለቱ ትንሽ የላላ ይሁን። ሁለቱ ፉርጎዎች ሲሳቡ ማያያዣው ወደ ውጭ ይወጣል። ያኔ ሰንሰለቱ ከተወጠረ ቁልፉን ራሱ ያነሣዋል። ሰው ሳይነካው የሚፈታ ባቡር ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ደረጃ 6፦ ጎትታችሁ ፈትኑ

የአየር ቱቦውን ሳታገናኙ ሾፌሩ በቀስታ ወደ ኋላ እንዲስብ አድርጉ። የቆመው ፉርጎ ብሬኩ እንደተያዘ ይሁን። ማያያዣው መወጠር አለበት። ከተወጠረ በኋላ አስቁሙና ደረጃ 5ን በዓይናችሁ ድገሙ። አሁን ሁሉም ነገር በሥራ ላይ ባለበት ሁኔታ ነው የምታዩት፤ የሰንሰለቱም ልክ እውነተኛው ይህ ነው።

ከተለያዩ ደስ ይበላችሁ። እዚህ የተለያየ ፉርጎ ዳገት ላይ አልተለያየም። ከዚያ፦

* አንድ ጊዜ አጽዱና እንደገና ሞክሩ።
* ሁለተኛም ካልያዘ የትኛው ማያያዣ እንደለቀቀ ለዩ። ክፍት ሆኖ የተገኘው ነው።
* ያንን ፉርጎ አውጡት። ለሦስተኛ ጊዜ በኃይል አትግጩት። ለሦስተኛ ጊዜ ገብቶ ቢይዝ እንኳ የያዘው በዕድል ነው።

ደረጃ 7፦ አየሩን አገናኙ

1. ጥበቃ ወስዳችሁ ግቡ። ቱቦዎቹን አያይዙ።
2. መጀመሪያ ከሎኮሞቲቩ በኩል ያለውን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከዚያ የሌላውን።
3. እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ እየሄዳችሁ ሁሉም ቫልቮች መከፈታቸውን እዩ። የመጨረሻው ፉርጎ የውጭ ጫፍ ብቻ ይዘጋል።
4. አየሩ ከሞላ በኋላ የብሬክ ፍተሻ አድርጉ። የብሬክ አየር ቧንቧው ፍሳሽ በደቂቃ ከ20 ኪሎ ፓስካል አይበልጥ።
5. ብሬኩ ጅራት ላይ መያዙንና መልቀቁን ጅራት ላይ የቆመ ሰው በዓይኑ አይቶ ይንገራችሁ።

ይህ ከመፈታት ጋር ምን አገናኘው? ባቡር ሲለያይ ቱቦው ይበጠሳል፣ አየሩ ይወጣል፣ ሁለቱም ክፍሎች በራሳቸው ብሬክ ይይዛሉ። መካከል ላይ አንድ የተረሳ የተዘጋ ቫልቭ ካለ ግን ከእሱ ወዲያ ያለው አይይዝም። ከደጋው ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ይህ ምን እንደሚያመጣ መገመት አያቅታችሁም።

ደረጃ 8፦ ከመነሣት በፊት አንድ ዙር

ባቡሩ ጣቢያ ላይ ቆሞ ከቆየ ዙሩን ድገሙ። ልጆች መፍቻ ዘንግ መሳብ ይወዳሉ። ከፉርጎ ወደ ፉርጎ የሚሻገር ሰውም ዘንጉን መርገጫ ያደርገዋል።

የተንጠለጠለ የጭነት ገመድ፣ ሽቦ ወይም የሸራ ጫፍ ካለ ቁረጡ ወይም እሰሩ። ዘንግ ላይ ከተጠመጠመ መንገድ ላይ ይስበዋል።

ዘንጉ ከመያዣው እየዘለለ የሚያስቸግር ከሆነ በሽቦ ማሰር የተለመደ ነው። ለአንድ ጉዞ ይሁን። ግን በጽሑፍ አስታውቁ። ያለዚያ የሚቀጥለው ጣቢያ ሠራተኛ ታስሮ መሆኑን ሳያውቅ ሲፈታ ዘንጉን ያጣምመዋል፤ እናንተም ችግሩን ፈታችሁ ሳይሆን አዙራችሁ ለሌላ ሰጣችሁ።

ደረጃ 9፦ ለሾፌሩ

በትክክል የተቆለፈ ማያያዣም በንጠት፣ ማለትም በድንገተኛ ኃይለኛ ስበት፣ ይበጠሳል። በረጅም ባቡር በፉርጎዎች መካከል ያለው ትንሽ ትንሽ ክፍተት ሲደመር ብዙ ነው። የፊቱ ከሄደ በኋላ የኋላው ገና ቆሟል። ከዚያ ባንዴ ይነጠቃል።

* ሲነሡ ቀስ በሉ። ክፍተቱ እስኪያልቅ በትንሹ ሳቡ፣ ከዚያ ጨምሩ።
* ብሬክ ከለቀቃችሁ በኋላ ጠብቁ። የፊቱ ይለቃል፣ የጅራቱ ግን ይዘገያል። ጅራቱ እንደያዘ መጎተት ባቡርን ለሁለት ለመክፈል ከሚታወቁት መንገዶች ዋናው ነው።
* ዳገት ጨርሳችሁ ቁልቁለት ስትጀምሩ ኃይሉን ባንዴ አትቁረጡ። ግማሹ ባቡር እየተጎተተ ግማሹ እየገፋ ነው።
* ከብት ወይም ግመል ከተገጨ ቁሙ። ቁልፋቸው ከታች የሚገፋ ፉርጎዎች ላይ ከሥር የመታ ነገር ዘንጉን ሊያነሣው ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ፉርጎዎች ከሥራቸው እዩ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

መንገድ ላይ ከተፈታ

የብሬክ አየር ቧንቧው ግፊት ባንዴ ወደ ዜሮ ከወረደ ባቡሩ ተከፍሏል ብላችሁ ጀምሩ።

1. ሾፌር፦ ኃይል አጥፉ፣ ለመቆጣጠሪያ ማዕከል ንገሩ። ወደ ኋላ አትመለሱ። የኋላው ክፍል የት እንዳለ አታውቁም።
2. ከሰበታ እስከ አዳማ ሃዲዱ ድርብ ነው። ያዘመመ ፉርጎ ወይም የወደቀ ጭነት የጎኑን መስመር ዘግቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ በኩል የሚመጣ ባቡር እንዲቆም ጠይቁ።
3. ወደ ኋላው ክፍል በእግር ሂዱ። ምንም ከማየታችሁ በፊት የእጅ ብሬክ እሰሩ፣ ታኮ አድርጉ። ቁልቁል ካለው ጫፍ ጀምሩ። የአየር ብሬኩ ይዟል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ፉርጎው ላይ ቀርቶ ብሬኩን የያዘው አየር ቀስ በቀስ ይፈሳል።
4. ከሃዲድ የወጣ ጎማ መኖሩን እዩ።
5. ማያያዣዎቹን ሳትነኩ ፎቶ አንሡ።

አምስተኛውን የሚዘል ብዙ ነው። ሁሉም መንገዱን ለመክፈት ይጣደፋል። አንዴ ከተነካ ግን ምክንያቱ ጠፋ። የምታነቡት እንዲህ ነው፦

* ሁለቱም መንጋጋዎች ተዘግተው፣ ምንም ሳይሰበር ከተገኙ አንዱ ከሌላው ላይ ተንሸራትቷል። ከፍታ ለኩ፣ የሃዲዱንም ረባዳ አስመዝግቡ። እንደገና አገናኝቶ መሄድ ትርጉም የለውም፤ በሚቀጥለው ረባዳ ይለያያሉ።
* አንዱ ክፍት ከሆነ ቁልፉ አልወረደም ነበር ወይም መንገድ ላይ ተነሥቷል። ሰንሰለቱን፣ ዘንጉን፣ ውስጡን እዩ። ሁሉም ደህና መስሎ ከታየ ቁልፉ በንዝረት እንዳይነሣ የሚይዘው ክፍል ተበልቷል ማለት ነው። ይህ መንገድ ላይ አይጠገንም።
* መንጋጋው ከተሰበረ የስብራቱን ፊት እዩ። በሙሉ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ባንድ ንጠት ነው የሄደው። ከፊሉ የጠቆረ ወይም የዛገ ከሆነ ስንጥቁ የቆየ ነበር፤ ፍተሻ ላይ አምልጧል። ቁራጩን አትጣሉ፣ ለጥገና አስረክቡ።

እንደገና ለማገናኘት ከማዕከሉ ፈቃድ ያዙና ከደረጃ 2 ጀምራችሁ ሁሉንም ድገሙ። የኋላው የእጅ ብሬክ የሚፈታው አየሩ ሞልቶ የብሬክ ፍተሻው ካለፈ በኋላ ነው። ስትጨርሱ ፉርጎዎቹን ቁጠሩ፣ የመጨረሻውን ፉርጎ ቁጥር ከሰነዱ ጋር አስተያዩ። ባቡር ሁለት ቦታ ላይ ሊበጠስ ይችላል።

የተፈታው ፉርጎ እስከ መጀመሪያው ጣቢያ ብቻ፣ ማዕከሉ በወሰነው ፍጥነት ይሂድ። እዚያ ይውጣ። ሲወጣ የትኛው ጫፍ እንደለቀቀ በኖራ ማያያዣው ላይ ምልክት አድርጉ። ፉርጎ ሁለት ጫፍ አለው። ምልክት ከሌለ ጥገናው ደህናውን ጫፍ ፈትሾ «ችግር የለበትም» ብሎ ይመልስላችኋል።